እስስት ፍለጋ በጉለሌ ጫካ

 

ለዛሬ አንዳንድ እናቶችን ገና ርዕሱን ሲያነቡ «አዑዙ ቢላህ!» የሚያሰኝ ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። ወጣቶቻችንን ሰብስበን፣ ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ ድንኳን ተሸክመን፣ እስስትና እንሽላሊት፣ ከተገኘም እባብ ለማየት ጫካ ስለማደር ነው የምንነጋገረው። ቦታው ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ነው። «ሰው ከእባብ ይሸሻል እንጂ ድንኳን ተሸክሞ ይፈልገዋል እንዴ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱንም በትዕግሥት አብረን እንመልከት።

የምናሳድደው ማንን ነው?

በየሰፈራችን አንዲት እስስት ከአጥር ላይ ብትታይ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ልጆች ይጯጯሃሉ፣ ድንጋይ ይለቀማል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እስስቷ ሞታ ትገኛለች። ከገዳዮቹ መካከል ለተጠማ ውሻ ውሃ ያጠጣውን ሰው ታሪክ ከኡስታዙ አፍ የሰማ፣ ለጓደኞቹም የተረከ የመድረሳ ልጅ አይጠፋም። ይህ ልጅ ጨካኝ ሆኖ ነውን? አይደለም። ታሪኩን ያውቃል፤ እስስቷን ግን አያውቃትም። ስለማያውቃትም ይፈራታል፤ ስለሚፈራት ይገድላታል።

ለመሆኑ ወንጀሏ ምንድን ነው? እስስት መርዝ የላትም። የምትበላው ዝንብ፣ ፌንጣና የመሳሰሉትን ነፍሳት ነው። ሁለት ዓይኖቿን ለየብቻ እያዞረች በአንድ ጊዜ ሁለት አቅጣጫ ታያለች፤ ምላሷ ተወርውሮ ነፍሳቱን ይዞ የሚመለስበት ፍጥነት ለዓይን ያስቸግራል፤ እግሯ ቅርንጫፍ እንዲጨብጥ እንደ ጉጠት ለሁለት የተከፈለ ነው። የአላህን ጥበብ ለሚያስተነትን ሰው አንዲት እስስት ብቻዋን አንድ ትምህርት ቤት ናት።

እኛ ግን ስሟን ለስድብ አውለነዋል። በቃሉ የማይጸናን ሰው «እንደ እስስት ይለዋወጣል» እንላለን። እስስት ቀለሟን የምትለውጠው ግን ሰው እንደሚመስለው የቆመችበትን ነገር ሁሉ ለመምሰል አይደለም። በአብዛኛው ሙቀትና ብርድ ሲሰማት፣ ስትቆጣ፣ ስትፈራ ወይም ከሌላ እስስት ጋር ስትገናኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በማዳጋስካር እስስት ላይ ባደረጉት ጥናት፣ በቆዳዋ ሕዋሳት ውስጥ እጅግ ደቃቅ ክሪስታሎች ተደርድረው እንዳሉ አሳይተዋል። እስስቷ ስትረጋጋ ክሪስታሎቹ ይቀራረባሉ፤ ስትቆጣ ይራራቃሉ፤ ከላያቸው የሚመለሰው ብርሃንም አብሮ ይለወጣል። እንግዲህ እስስት ቀለሟን ስትለውጥ ስሜቷን እየገለጸች ነው እንጂ እያታለለች አይደለም። ስሜቱን ደብቆ ፊቱን የሚያሳምረው ማን እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ለምን ጉለሌ? ለምንስ ሌሊት?

በትምህርት ቤት መጻሕፍት «ገበሎ አስተኔ» የሚባሉት እንስሳት፣ ማለትም እባብ፣ እንሽላሊት፣ ኤሊ፣ አዞና ዘመዶቻቸው፣ በአገራችን ከ200 በላይ ዝርያ አላቸው። የሰውነታቸውን ሙቀት የሚያገኙት ከፀሐይና ከአካባቢያቸው ነው። ስለዚህ በብዛት የሚገኙት በቆላው ነው። የጫሞ ሐይቅን አዞዎችና የአዋሽን አርጃኖ የሰማ ሁሉ ይህን ይረዳል።

ጉለሌ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ደጋ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር ትብብር የተቋቋመው የጉለሌ እጽዋት ማዕከል በዚሁ ከፍታ ከ700 ሄክታር በላይ መሬት ይዟል። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ እንጦጦንና አካባቢውን የሸፈነው ባሕር ዛፍ ከውጭ የመጣ ነው፤ ማዕከሉ እንደ ጽድና ወይራ ያሉ አገር በቀል ዛፎችን መልሶ ለማልማት የሚሠራ ነው። በእንዲህ ያለው ብርዳም ቦታ የገበሎ አስተኔ ዓይነት ጥቂት ነው፤ መርዛማ እባብ የመገናኘት ዕድሉም ከቆላው በጣም ያንሳል። ለጀማሪ የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። መዋኘት የሚማር ልጅ ከባሕር አይጀምርም።

ጥቂት ቢሆኑም የሌላ አገር ሰው በአገሩ የማያገኛቸው አሉ። ሳይንቲስቶች ትራዮሴሮስ አፊኒስ ብለው የሚጠሯት ትንሿ የደጋ እስስት ከኢትዮጵያ ደጋዎች በቀር በሌላ አገር የለችም። ልጆቻችን በድንጋይ የሚወግሯት፣ ሌላው በአውሮፕላን መጥቶ ሊያያት የሚመኛት እርሷን ነው።

ሌሊት የሚመረጥበትም ምክንያት አለው። ቀን ላይ እስስት ከቅጠል ጋር ትመሳሰላለች፤ ሰው ሲመጣም ከቅርንጫፉ ጀርባ ትሰወራለች። ሲመሽ ግን ቀጭን ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ወጥታ ታንቀላፋለች፤ ቀለሟም ይገረጣል። የእጅ ባትሪ በቀስታ ቁጥቋጦውን ሲዳስስ ከጥቁሩ ቅጠል መካከል ነጣ ብላ ትታያለች። ሲነጋ ደግሞ ፀሐይ ድንጋዩን ማሞቅ ስትጀምር ተራው የእንሽላሊቶቹ ነው። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ተመልሶ ያልተኛ፣ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ በድንጋይ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ያገኛቸዋል።

ወላጆች የሚያነሱት ጥያቄ

«ልጄ ምን ያገኛል? አንዲት እስስት ለማየት ሌሊቱን ሙሉ ብርድ መመታት?» ይላሉ አንዳንድ አባቶች። እውነት ነው፣ ምናልባት የሚታየው አንዲት እስስትና ሁለት እንሽላሊት ብቻ ይሆናል። አንዳንዴም ምንም ላይታይ ይችላል። ትርፉ ግን በእንስሳቱ ቁጥር አይለካም። ትንፋሹን ውጦ፣ እጁን ሰብስቦ፣ ሳይነካ ማየትን የተማረ ልጅ ሁለት ነገር ይዞ ይመለሳል፤ አንዱ አለመፍራት፣ ሌላው አለመድፈር ነው። ሁለቱ ተለያይተው ሲመጡ ያጠፋሉ። የሚፈራ ብቻ ያልበደለችውን እስስት ይገድላል፤ የማይፈራ ብቻ ደግሞ እፉኝትን በጅራቷ ለመያዝ ይሞክራል። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለው የአባቶች ተረትም የሚናገረው ይህንኑ ነው። እባቡን በትክክል የሚያውቅ ሰው ልጡን ልጥ፣ እባቡንም እባብ ማለት ይችላል።

ይህን ስንል ግን አደገኛ እባብ ከቤት ገብቶ ሕፃናት ላይ ሲያንዣብብ ዝም ብላችሁ እዩት ማለታችን አይደለም። ነፍስን መጠበቅ ግዴታ ነው። የምንቃወመው በገዛ ጫካው ሳይነካን የተቀመጠውን ፈልጎ መግደልን ነው።

የጉዞው ሥርዓት

በመጀመሪያ ከማዕከሉ ወይም ቦታውን ከሚያስተዳድረው ክፍል ፈቃድ ይጠየቅ፤ ማደር በማይፈቀድበት ቦታ አይታደርም፤ አካባቢውን የሚያውቅ አስጎብኚም ይለመን። ቡድኑ ከ15 ሰው ባይበልጥ፣ ኃላፊነት የሚሰማቸው ቢያንስ ሁለት አዋቂዎች ቢኖሩት መልካም ነው። እህቶቻችን ከሄዱ ከእናቶች ወይም ከሴት መምህራን ጋር፣ ድንኳናቸውም ለብቻ ይሁን። የወላጅ ስምምነት ሳይገኝ ማንም አይጓዝ።

ክረምቱ ለዚህ ጉዞ አይሆንም፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ቁሩ አጥንት ይሰብራል። ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ረጅም ሱሪ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንዳንድ የእጅ ባትሪ፣ ለመጠጥና ለዉዱእ የሚበቃ ውሃ ይያዝ። ባሕር ዛፍ ቅባታም ነው፤ ከሥሩ የሚረግፈው ቅጠል በቶሎ ስለሚቀጣጠል እሳት አይነድም፤ ሻይ በቴርሞስ ይወሰድ። ጅብ የሚዞርበት አካባቢ ስለሆነ ምግብ ተከድኖ ይቀመጥ፤ ማንም ብቻውን ከድንኳን አይራቅ።

ፍለጋው ላይ ሕጉ አጭር ነው። እጅ ከማይታይበት ጉድጓድም ሆነ ከድንጋይ ሥር አይገባም። ያንቀላፋች እስስት ዓይን ላይ መብራት አይደቀንም፤ ታይታ፣ ፎቶ ከተነሣች በኋላ መብራቱ ይነሣላታል። ማንም እንስሳ አይያዝም፣ ወደ ቤትም አይወሰድም። በየደብተሩ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ዛፉና የታየው ነገር ይጻፍ። ጠዋት ጫማ ከመጠለቁ በፊት ይራገፍ። የሶላቱ ሰዓት ደግሞ የጉዞው መርሐ ግብር ምሰሶ ይሁን።

እባብ ቢነድፍስ?

ይህ ለጉዞው ብቻ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የሚጠቅም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 የእባብ ንድፊያን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። በድርጅቱ ግምት በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው በዚህ ምክንያት ይሞታል። አብዛኞቹ ድሆች ገበሬዎችና የቀን ሠራተኞች ናቸው። በአማራ ክልል በመተማና በአብዱራፊ አካባቢ ለሰሊጥና ለማሽላ አጨዳ የሚወርዱ ወንድሞቻችን የዚህ አደጋ ተጠቂዎች ናቸው፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞችም በአብዱራፊ ለተነደፉ ሰዎች ሕክምና ሲሰጡ ቆይተዋል። ከዘመዶቻችን መካከል ወደዚያ የሚወርድ አይጠፋምና ቀጥሎ ያለውን ንገሩልን።

የተነደፈ ሰው ይረጋጋ፣ አይሩጥ። ቀለበት፣ ሰዓትና ጠባብ ጫማ እብጠቱ ሳይጀምር ይውለቅ። የተነደፈው እጅ ወይም እግር እንደተሰበረ አጥንት ከእንጨት ጋር በልኩ ታስሮ እንዳይንቀሳቀስ ይደረግ፤ ከዚያም ሳይዘገይ በሰው ሸክምም ሆነ በመኪና ወደ ሕክምና ይወሰድ። ቁስሉ በምላጭ አይበጣ፣ በአፍ አይመጠጥ፣ በገመድ አይታነቅ። እባቡን ለመግደል የሚሮጥ ሰው ሁለተኛ ታካሚ ሊሆን ይችላል። መርዙን የሚያረክሰው መድኃኒት የሚገኘው በሕክምና ቤት ነው፤ እርሱም በአፍሪካ ብዙ ቦታ እጥረት ያለበት ስለሆነ ደቂቃ ማባከን አይገባም።

በመጨረሻም

የአገራችን ምድር ገና ተቆጥሮ ያላለቀ ሀብት አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 እንኳ ከባሌ ተራሮች ሐረና አካባቢ አንዲት የእፉኝት ዝርያ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይንሳዊ ስም ተሰጥቷታል። ይህን ሥራ ነገ የሚቀጥለው ማን ነው? ዛሬ ድንጋይ ይዞ አጥር ሥር የቆመው ልጅ ሊሆን ይችላል። ድንጋዩን አስጥለን የእጅ ባትሪና ደብተር ብናስይዘው ምን ይጎድልብናል?

እናንት ወላጆች፣ መምህራንና የመስጊድ ወጣት አስተባባሪዎች፣ ክረምቱ አልፎ ምድሩ ሲደርቅ አንዲት ሌሊት ለልጆቻችሁ መድቡ። አንድ ሌሊት ከበዛባችሁ እስከ ዒሻእ ያለው ምሽት እንኳ ብዙ ያሳያል።

አላህ ያገናኘን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።