ስለ መጀመሪያ ደመወዝ

በዚህ ዐምድ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ትምህርታቸው ብዙ ጊዜ ተናግረናል፤ ልጅ የመጀመሪያውን ደመወዝ ስለሚቀበልበት ቀን ግን እስካሁን አንድ ቃል አልጻፍንም። ዛሬ እንድንጽፍ ያስገደደን ከገዛ ቤተ ዘመዳችን የተነሣ ጉዳይ ነው። የታላቅ ወንድማችን ልጅ ዕድሜው 19 ዓመት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈጽሞ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባውን ውጤት ሳያገኝ ስለ ቀረ አንድ ዓመት ያህል ያለ ሥራ በቤት ከተቀመጠ በኋላ፥ ማንንም ሳያማክር በአዲስ አበባ ከተማ ለአንድ የቧንቧ ሥራ ተቋራጭ በተለማማጅነት ተቀጠረ።

አባቱ ዕድሜያቸውን በሙሉ በመንግሥት መሥሪያ ቤት አገልግለው በጡረታ የተቀመጡ ሰው ናቸው። ነገሩን በሰሙ ጊዜ አልተቈጡም፤ ቢቈጡ ይሻል ነበር። ዝም ብለው መነጽራቸውን አንሥተው ወደ መኝታ ቤታቸው ገቡ። ከዚያም ወዲህ ዘመድ ስለ ልጁ ሲጠይቃቸው «በአንድ ድርጅት ሥራ ይዟል» ከማለት በቀር የሥራውን ስም አልጠሩም።

የወንድማችንን ዕፍረት እንደ እንግዳ ነገር አንቈጥረውም። በአገራችን ብረት ቀጥቃጩን፥ ሸማኔውን፥ ቆዳ ፋቂውንና ሸክላ ሠሪዋን በስድብ ስም መጥራት ከጥንት ጀምሮ የኖረ ክፉ ልማድ ስለ ነበር፥ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። እኒሁ ንጉሠ ነገሥት በ1880ዎቹ ዓ.ም. በስዊሳዊው መሐንዲስ በአልፍሬድ ኢልግ አማካይነት ከእንጦጦ ተራራ ወደ ቤተ መንግሥታቸው ውኃ በቧንቧ ባስመጡ ጊዜ፥ ውኃ ቁልቁል ወርዶ እንደገና ሽቅብ መውጣቱን ሕዝቡ እንደ ተአምር አይቶት ነበር። ምስጢሩ ቀላል ነው፤ በቱቦ የታሰረ ውኃ ወደ ተነሣበት ከፍታ ለመመለስ ይገፋል፥ ምንጩም ከቤተ መንግሥቱ ከፍ ያለ ነበር። እንግዲህ ያን ጊዜ ቤተ መንግሥትን ያስደነቀ ሙያ ዛሬ በአንድ ጡረተኛ ሹም ቤት ስሙ የማይጠራ መሆኑ ግራ ያጋባናል።

ልጁ እሑድ እሑድ ወደ ቤታችን እየመጣ የሳምንቱን ሥራ ያጫውተን ነበር። የፊተኞቹ ሁለት ሳምንታት ቱቦ በመሸከምና በመሮና በመዶሻ ግድግዳ በመፈልፈል አለቁ። እጁ ውኃ ቋጠረ። የመሣሪያው ስም ብቻ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ ሞርሳ፥ ፒንሳ፥ ካቻቪቴ የሚሉት ቃላት ከጣሊያን መጥተው በሠራተኞቻችን አፍ አማርኛ ሆነው ቀርተዋል። በሦስተኛው ሳምንት መሪ ሠራተኛው የቱቦ ማያያዣውን ማሽን ለመጀመሪያ ጊዜ በእጁ ሰጡት።

ይህ ነገር ለማያውቀው ሰው ጨዋታ ይመስላል። ዛሬ በብዙ አዲስ ቤቶች ግድግዳ ውስጥ የሚቀበረው ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ የሚያያዘውም በጥርስ ወይም በማጣበቂያ ሳይሆን በሙቀት ነው። ማሽኑ 260 ዲግሪ ከጋለ በኋላ ባለ 20 ሚሊ ሜትሩ ቱቦና መገጣጠሚያው በአንድነት ለ5 ሰከንድ ያህል ይሞቃሉ፤ ወዲያውም ሳይጠማዘዙ ቀጥ ብለው ይጋጠማሉ። ጊዜው ከበዛ ፕላስቲኩ ቀልጦ ወደ ውስጥ ይፈስና የውኃውን መንገድ ያጠብባል። ካነሰ ደግሞ ከላይ ሲያዩት የተያያዘ መስሎ ከወራት በኋላ ከግድግዳው ውስጥ ማንጠባጠብ ይጀምራል። የቈሻሻ ውኃ መውረጃው በየ1 ሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ማዘንበል እንዳለበትም፥ ከእጅ መታጠቢያው በታች ያለው የተቈለመመ ቱቦ ሁልጊዜ ጥቂት ውኃ የሚይዘው የፍሳሽ ሽታ ወደ ቤት እንዳይገባ ለመዝጋት እንደ ሆነም ከእርሱ ተማርን። እኛ በዚህ ዕድሜያችን ያን ቈልማማ ቱቦ የሠሪው ስሕተት ይመስለን ነበር።

በአራተኛው ሳምንት ልጁ የመጣው በእሑድ ሳይሆን በሐሙስ ማታ ነው። ፊቱ ልክ አልነበረም። በዚያ ቀን በአንድ ሰው ቤት መታጠቢያ ክፍል ሲሠራ መብራት ጠፍቶ ተመልሶ ነበር፤ እርሱም ማሽኑ እንደገና እስኪግል ሳይጠብቅ 5 ቈጥሮ አንድ መገጣጠሚያ አያያዘ። ያየው ሰው አልነበረም። በማግሥቱ ጠዋት ግንበኛው በዚያው ግድግዳ ላይ ሴራሚክ ሊለጥፍ ነው።

«ጋሼ፥ ብናገር ያባርሩኛል፤ ገና በሙከራ ላይ ነኝ። አባባም የፈለጉት ይህንኑ ነው» አለን።

ምን ብለን እንደ መለስንለት ለአንባቢዎቻችን ብንደብቅ በወደድን ነበር፤ «እስቲ እደርበትና አስብበት» ነበር ያልነው። ይህም ምክር ሳይሆን ከምክር መሸሽ እንደ ነበር አሁን ይገባናል። ልጁ ግን ሳይነጋ ተነሥቶ ከግንበኛው ቀድሞ ሄደና ለመሪ ሠራተኛው ነገራቸው። እርሳቸውም አላመሰገኑትም፥ አላባረሩትምም፤ ቱቦውን ቈርጠው አውጥተው እስከ ምሳ ሰዓት ሲያሠሩት ዋሉ። ግንበኛው የግማሽ ቀን ሥራው ስለ ተሰናከለበት ሲራገም እንደ ነበረም ሰምተናል። በወሩ መጨረሻ የተበላሸው ዕቃ ዋጋ ከልጁ ደመወዝ ተቀነሰ።

በዚህ ነገር ከልጁ ጋር አልተስማማንም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቍጥር 1156/2011 በሕግ፥ በኅብረት ስምምነት፥ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልተወሰነ፥ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር ደመወዝ እንዳይቀነስ ይከለክላል፤ ከእርሱ ግን የጽሑፍ ስምምነት የጠየቀው አልነበረም። ልጃቸውን ለመጀመሪያ ሥራ የሚያሰናዱ ወላጆች ይህን ዐዋጅ ቢያነቡት እንወዳለን። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋናውን ነገር ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላ ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፤ በፍሳሽ ማስወገጃ ውስጥ የሚሠራ ሥራም ለወጣት ሊከለከሉ ከሚችሉት ሥራዎች አንዱ ሆኖ በሕጉ ተጠቅሷል። ልጁ ግን ስለ ገንዘቡ እንዳንናገር ለመነን። «የቈረጥኩት እኔ ነኝ» አለ። በመጨረሻ ዝም አልን፤ እስከ ዛሬም ደስ አላለንም።

የመጀመሪያ ደመወዝ በአገራችን ልማድ የልጁ ብቻ አይደለም። ለወላጅ ቀርቦ ይመረቅበታል፤ ለእናት ነጠላ፥ ለአባት ጋቢ ይገዛበታል። ልጁም ከዚያ ከጐደለው ገንዘብ ለመጓጓዣና ለምሳው የሚሆነውን አስቀርቶ በሽሮ ሜዳ ጋቢና ነጠላ ገዛ፤ የተረፈውንም በፖስታ አድርጎ አቀረበ። እኛም በዚያ ቀን በቤቱ ነበርን። እናቱ ነጠላውን ለብሰው ቆመው መረቁት፤ ምርቃቱም ረዘም ያለ ነበር። አባቱ ፖስታውን አልነኩም። ጋቢውን በእጃቸው ዳሰስ አድርገው «አስቀምጡት» አሉ። ልጁም አሜን የሚልበት ምርቃት ከአባቱ ሳይሰማ ራቱን በልቶ ተኛ። ከዚያ በኋላ ሥራውን ይተወዋል ብለን ፈርተን ነበር፤ በነጋታው ግን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ሲወጣ እናቱ ሰምተውታል።

ጋቢው በሣጥን ላይ እንደ ታጠፈ ሁለት ወር ቈየ።

በከተማችን ውኃ በፈረቃ የሚደርሳቸው ብዙ ቤቶች አሉ፤ የወንድማችንም ቤት ከእነርሱ አንዱ ነው። ተራው ሲደርስ ውኃው ብዙውን ጊዜ በሌሊት ይመጣል፥ ሲመጣም መጀመሪያ ዝቃጭና አሸዋ ይዞ ይመጣል። ባለፈው ወር አንድ ሌሊት በ8 ሰዓት ከጣሪያው ሥር ያለው ሮቶ ሞልቶ በኮርኒሱ ላይ ይፈስ ጀመር። ልጁ ከእንቅልፉ ተነሥቶ መጀመሪያ በቈጣሪው አጠገብ ያለውን መዝጊያ ዘጋ፤ ከዚያም መሰላል አቁሞ ወጣ። በሮቶው ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ኳስ ውኃው ከፍ ሲል አብሮ ከፍ እያለ መግቢያውን የሚዘጋ ነው፤ ከመዝጊያው ጎማ ሥር አንዲት የአሸዋ ጠጠር ገብታ ስለ ነበር ሊገጥም አልቻለም።

የቀረውን የነገሩን የልጁ እናት ናቸው። ሌሊቱ ብርድ ነበር፤ መብራትም አልነበረም። ወንድማችን ከመኝታ ቤት ሲወጡ በጨለማ እጃቸው ያገኘውን ያን ጋቢ ደርበው ወጡ፤ ከመሰላሉም ሥር ቆመው የእጅ ስልካቸውን መብራት ወደ ላይ ያዙለት። ልጁ ጎማውን አጥቦ መልሶ እስኪያስገባ ድረስ ሩብ ሰዓት ያህል ሁለቱም አልተነጋገሩም። በኋላ አባትየው «ይህ በእጅህ ያለው ዕቃ ምን ይባላል?» ብለው ጠየቁት፤ ልጁም ስሙን ነገራቸው።