ሕጉ ከካርዱ ይቅደም

ጨዋታ ለመዝናኛ ስለሆነ ሕጉን ማጥበቅ አያስፈልግም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን ጓደኛሞችን የሚያጣላቸው የሕጉ መጥበቅ ሳይሆን አስቀድሞ አለመታወቁ ነው እላለሁ። ለዚህም አሳቤ ካታን የተባለውን የሰሌዳ ጨዋታ ምሳሌ አደርጋለሁ።

ይህን ጨዋታ የፈጠረው ክላውስ ቶይበር የተባለ ጀርመናዊ ሲሆን፣ ለሕዝብ የቀረበው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። ተጫዋቾቹ በአንዲት ደሴት ላይ መንገድና መንደር ይሠራሉ፤ እንጨት፣ ጡብ፣ ሱፍ፣ እህልና ማዕድን ይለዋወጣሉ፤ አስቀድሞ 10 ነጥብ ያገኘውም ያሸንፋል። ከዚህም ሌላ አንድ ሱፍ፣ አንድ እህልና አንድ ማዕድን ተከፍሎባቸው የሚገዙ 25 ልዩ ካርዶች አሉ። ከነዚህም 14ቱ ፈረሰኞች፣ 5ቱ የድል ነጥቦች ናቸው፤ የቀሩት 6ቱ ደግሞ የመንገድ ሥራ፣ የጥጋብ ዓመትና ሞኖፖል የሚባሉ ሁለት ሁለት ካርዶች ናቸው። ክርክሩ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ ከነዚህ ነውና ሕጋቸውን ባጭሩ ልግለጽ።

አንደኛ፣ በአንድ ተራ ከአንድ ልዩ ካርድ በላይ መጫወት አይፈቀድም፤ የተገዛ ካርድም በዚያው ተራ አይሠራም። የድል ነጥብ ካርድ ግን ባለቤቱን 10 ነጥብ ካደረሰው ወዲያው ይገለጣል፤ ጨዋታውም በዚያ ይፈጸማል። ሁለተኛ፣ ፈረሰኛን ዳይስ ከመጣሉ በፊትም መጫወት ይቻላል። ሦስተኛ፣ ፈረሰኛ ሽፍታውን ከቦታው ቢያዛውርም፣ ከ7 ካርድ በላይ የያዘ ሰው ግማሹን የሚመልሰው ዳይሱ 7 ሲያወጣ ብቻ እንጂ በፈረሰኛ ምክንያት አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያከራክረው ሞኖፖል ነው። ይህን ካርድ የተጫወተ ሰው የአንድ ዓይነት ሀብት ስም ሲጠራ፣ ሌሎቹ ያንን ሀብት በሙሉ ያስረክቡታል። እንግዲህ አንዱ ሱፉን ለጓደኞቹ በእህል ከለወጠ በኋላ ሞኖፖል አውጥቶ ያንኑ ሱፍ መልሶ ቢወስድስ? አታለለ ይሉታል። ሕጉ ግን በተራው በማናቸውም ጊዜ ካርዱን እንዲጫወት ስለሚፈቅድለት አይከለክለውም። ይህ የማያስደስተን ከሆነ ጨዋታው ሳይጀመር ተስማምተን እንከልክለው፤ ሱፉ ከሄደ በኋላ የሚወጣ ሕግ ግን ሕግ ሳይሆን ቂም ነው።

በጨዋታ መካከል ሕግ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጠው ሁሉ በእጁ ካርድ የያዘ ስለሆነ፣ ከሳሽም ዳኛም ራሱ ይሆናል። እንደ ታዘብኩትም በዚያን ጊዜ የሚሰማው ድምፁ የጎላው ወይም የሰሌዳው ባለቤት ነው። አዲስ የመጣው ልጅ ግን አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል፤ በማግሥቱም ተመልሶ አይመጣም። የሕግ አለመታወቅ የሚጎዳው እንግዲህ ደካማውን ነው።

ይህ ነገር ለኛ አገር እንግዳ አይደለም። የገበጣ አጨዋወት ከቦታ ቦታ የተለያየ ስለሆነ፣ ከሌላ አውራጃ ሰው ጋር የሚቀመጥ ሁሉ ጠጠሩን ከማንሣቱ በፊት በማን ሕግ እንደሚጫወት መጠየቅ ይገባዋል። ካልጠየቀ ግን ሁለቱም ሳይዋሹ ይጣላሉ።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። ካርዶቹ ሳይታደሉ ስለነሱ የተጻፈው ሕግ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ልንለውጠው የምንፈልገው ካለ በዚያው ጊዜ ተስማምተን እንጻፈው። በመካከልም ክርክር ቢነሣ የሕጉ መጽሐፍ ይገለጥ እንጂ የድምፅ ብልጫ አይፈለግ። ይህ የሚወስደው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ በአንድ ካርድ ምክንያት የሻከረ ወዳጅነት ግን በጥቂት ደቂቃ አይጠገንም።