የደሴት መንገድ

በካምፓላ ከተማ በኪዋቱሌ ሠፈር የሚኖር ሰው ታክሲው ሞልቶ ቢያገኘው ሌላ ይጠብቃል። ዩጋንዳ፣ ታንዛኒያና ኬንያ በሚጋሩት በቪክቶሪያ ሐይቅ የሚገኙት ደሴቶች ነዋሪ ግን ይህ ምርጫ የለውም። መርከቧ ካመለጠችው ሕመምተኛው ሐኪም ቤት፣ ዓሣው ገበያ ሳይደርስ ይቀራል፤ ስለዚህ ተጨናንቆም ቢሆን ይሳፈራል።

መስከረም 10 ቀን 2011 ዓ.ም. ከኡኬሬዌ ደሴት ወደ ኡካራ ደሴት ትጓዝ የነበረችው «ኔሬሬ» የተባለች የታንዛኒያ መርከብ ተገልብጣ ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ። የተሠራችው ግን 101 ሰዎችን ለመጫን ነበር።

ትርፍ መጫንን መከልከል ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ መርከብ ሳይጨመር መከልከል ችግረኛውን ከወደቡ ላይ ማስቀረት ብቻ ይሆናል። ቁጥጥሩም ሆነ ተጨማሪው መርከብ ከአደጋ በፊት መቅደም አለበት፤ አለዚያ ነገሩ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆናል።