ከቦሌ ዳለስ፦ ለነፋስ ማብራሪያ የተሰጠ ምላሽ

ከዋሽንግተን ዳለስ የተነሳ አውሮፕላን 13 ሰዓት ገደማ በርሮ ቦሌ ላይ በቀጥታ ያርፋል። ከቦሌ የሚነሳው ግን ለዓመታት በሮም፣ ኋላም በደብሊን ነዳጅ እየቀዳ ከ16 ሰዓት በላይ ሲፈጅ ኖሯል። ርቀቱ ወዲያም ወዲህም ያው 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ ሲባል ከመንገደኛው እስከ አዋቂው የሚሰማው መልስ አንድ ነው፤ ነፋስ።

መልሱ መሠረተ ቢስ አይደለም። አጭሩ መንገድ በጠፍጣፋ ካርታ እንደሚመስለው በቻድና በሞሪታኒያ በኩል አይሄድም። በሱዳንና በሊቢያ አድርጎ ስፔንን ያቋርጥና አትላንቲክ ላይ እስከ 45ኛው ዲግሪ ኬክሮስ ድረስ ይጠጋል። እዚያ ከፍታው ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚጋልብ ብርቱ ነፋስ አለ። (ምድር ከሥር ስለምትዞር ነው የሚሉትን እንለፋቸው፤ አየሩም አብሯት ይዞራል።)

ነገሩ በነፋስ ብቻ የሚያልቅ ከሆነ ግን ናይሮቢን ምን እናድርጋት? ከእሷ እስከ ኒው ዮርክ 11,840 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከእኛው ይረዝማል። ከፊት የሚገጥመው ነፋስም ያው የምዕራቡ ነው። ሆኖም የኬንያ አየር መንገድ በ2018 እ.ኤ.አ. በቦይንግ 787 የጀመረው በረራ ሲሄድም ሲመለስም መሐል ላይ አያርፍም። መሄጃው 15፣ መመለሻው 14 ሰዓት ያህል ነው። ነፋሱ ያስከፈለው እንግዲህ አንድ ሰዓት ገደማ ነው።

የቀረውን ማኮብኮቢያው ላይ እንፈልገው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። ናይሮቢ ከዚህ በ700 ሜትር ዝቅ ትላለች፤ ዳለስ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። በቦሌ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። አየር ሲሳሳ ክንፉ የሚያነሳው ክብደት ያንሳል፣ የሞተሩም ግፊት ይደክማል። አውሮፕላኑ ለመነሳት የባሰ መፍጠን፣ ለዚያም ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ ረጅሙ የቦሌ ማኮብኮቢያ ደግሞ 3,800 ሜትር ላይ ያበቃል። ስለዚህ ክብደት መቀነስ ግድ ነው። ትኬት የቆረጠ ሰው አውርዶ ከመሄድ ነዳጅ አሳንሶ ተነስቶ ባሕር ዳር ያለች ደብሊን ላይ መሙላት ይሻላል። የመውረዱ፣ የመቅዳቱና ዳግም የመነሳቱ ሰዓት የሚቆጠረው ለነፋሱ ሳይሆን ለዚህ ነው።

የናይሮቢ ማኮብኮቢያ ይረዝማል፣ የሚጭነው ሰውም ያንሳል የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። እቀበላለሁ። ግን ሁለቱም ስለ መነሻው ሜዳና ስለ ክብደት የሚናገሩ ናቸው፤ ለነፋሱ አይመሰክሩም።

ክርክሩ ደግሞ የሚፈተንበት ጊዜ አለው። ቢሾፍቱ አጠገብ የታቀደው አየር ማረፊያ ከቦሌ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል፤ ነፋሱ ግን እዚያም ያው ነው። ጥፋቱ የነፋሱ ከሆነ ከዚያ የሚነሳው የዳለስ በረራም መሐል ላይ ማረፉን አይተውም። እኔ ይተዋል ባይ ነኝ።