ሞተሩን የሚመርጠው ማነው?

በዚህች ከተማ ስለ ሚኒባስ ታክሲ የሚነሳው ወሬ ሁሉ ወይ ስለ ታሪፍ ነው፣ ወይ ስለ ትርፍ ሰው ነው፣ ወይ ስለ ረዳቱ አፍ ነው። ከሾፌሩ ወንበር ሥር ስለተቀበረው ሞተር ግን ከመካኒክና ከደላላ በቀር የሚያወራ የለም። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለሱ ነው። «ምነው፣ የፖለቲካው ጉዳይ አለቀ ወይ?» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አላለቀም። የጡረታ ብሩን፣ የእቁብ ዕጣውንና ዓረብ አገር ያለች ልጁ የላከችለትን ደማምሮ አንድ ሚኒባስ የገዛ አባወራ ቤቱ የሚቆመውም የሚፈርሰውም በዚያ ብረት ነው። የሱን ጭስ የሚስበው ደግሞ ሁላችንም ነን። ይኸ ፖለቲካ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባን ለብዙ ዓመታት በጀርባው ያዘለው የቶዮታ ሃይኤስ ነው፤ አባዱላም በሉት ዶልፊን። በታክሲዎቻችን ላይ በብዛት የምናያቸው የናፍጣ ሞተሮች 2 ኤል፣ 3 ኤልና 5 ኤል የሚባሉት ሦስት ወንድማማቾች ናቸው። 2 ኤል 2,446 ሲሲ፣ 3 ኤል 2,779 ሲሲ፣ 5 ኤል 2,986 ሲሲ ነው። ቱርቦ የላቸውም፣ ኮምፒውተር አያውቃቸውም፣ ናፍጣቸውን የሚረጩት በሜካኒካል ፖምፓ ነው። ከነሱ በኋላ የመጣው ዲ ፎር ዲ የምንለው ነው። ከነዚህ አንዱ 2 ኬዲ 2,494 ሲሲ ሲሆን ቱርቦና ኮመን ሬይል የተገጠመለት ነው። የቤንዚን ሃይኤስም አለ፤ 2 ቲአር የሚባለው 2,694 ሲሲ ነው።

ታዲያ የቱ ይሻላል? ጋራዥ ገብታችሁ ብትጠይቁ ከአሥር መካኒክ ዘጠኙ ሳያስብ «5 ኤል» ይላችኋል። ሰውየው ያለ ምክንያት አይደለም። የ5 ኤልን ኖዝል ፈትቶ፣ አጥቦ፣ ለክቶ መልሶ የሚገጥም ባለሙያ በየሰፈሩ አለ። መለዋወጫው ሶማሌ ተራ ብትሄዱ ከነአሮጌው ከነአዲሱ ይገኛል። መንገድ ላይ ቢቆም እንኳ በመፍቻና በሽቦ ተጠጋግኖ ቤቱ ይገባል።

ዲ ፎር ዲው ግን ሌላ ፍጡር ነው። ናፍጣውን ከ1,300 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው የሚረጨው፤ የአሮጌዎቹ ኖዝል የሚከፈተው በ150 ባር ገደማ ነው። በዚያ ግፊት ለመሥራት የኢንጄክተሩ ውስጠኛ ክፍል ከፀጉር በቀጠነ ክፍተት የተገጣጠመ ነው። የፖምፓውም ሆነ የኢንጄክተሩ ቅባት ራሱ ናፍጣው ነው፤ ሌላ ዘይት የለውም። እንግዲህ በሃይላንድና በጀሪካን የተሸጠ፣ ውኃ የገባበት፣ ነጭ ጋዝ የተደባለቀበት ናፍጣ ስታጠጡት ምን እንደሚደርስበት አስቡት። ነጭ ጋዝ ቀጭን ነው፤ ብረት ከብረት ሲፋጭ አያለሰልስም። ነዳጅ ሲጠፋ ሾፌሩ ከየት ይቅዳ? ማደያ ደጃፍ ሲሰለፍ ያደረ ሰው ሲጨንቀው ከጥቁር ገበያ ይቀዳል፤ አራቱም ኢንጄክተር ይበላሻል፤ ባለቤቱ የወራት ገቢውን አንስቶ ይከፍላል። አንድ የማውቀው ባለሚኒባስ ሁለተኛ ጊዜ ሲደርስበት መኪናውን ሸጦ 5 ኤል ገዛ። ማን ይፈርድበታል?

ይሁን እንጂ የ5 ኤል አምላኪዎች የማይነግሩን ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚህ ያለው አየር ጂቡቲ ወደብ ላይ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል። ሞተር ደግሞ እንደ ሰው ይተነፍሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚያገኘው አየር ሲያንስ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይወርዳል፤ ፖምፓው ግን ለባሕር ዳርቻ አየር እንደተለካ ከቀረ የሚረጨውን ናፍጣ አይቀንስም። የተረፈው ናፍጣ በደንብ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ሰው ጭኖ የሚወጣ ሚኒባስ ኋላ የቆመ ሰው የምለውን ያውቃል።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው ይብሳል። ሾፌሩ ዳገት አልወጣ ሲለው መካኒኩን «ፖምፓውን ክፈትልኝ» ይለዋል። መካኒኩ ቡሎኗን ያዞራል። ናፍጣው ይጨምራል፣ አየሩ ግን ያው ነው! ትንሽ ጉልበት ይገኛል፣ ብዙ ጭስ ይወጣል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ውሎ አድሮ ቴስታታው ይጣመማል። ያቺ ቡሎን ባለቤቱንም ተሳፋሪውንም ባንድ ጊዜ የምትዘርፍ ቡሎን ናት። ቱርቦ ያለው ሞተር ይኸ ችግር የለበትም ባይባልም እጅግ ያነሰ ነው፤ ቱርቦ ማለት የሳሳውን አየር በግድ የሚያጎርስ መሣሪያ ነውና። ስለዚህ ለከፍታችን የሚስማማን ዲ ፎር ዲው ሲሆን፣ ለማደያችንና ለጋራዣችን የሚስማማን 5 ኤል ነው። ጣጣው እዚህ ላይ ነው።

ቤንዚኑስ? ድሮ «ቤንዚን የሀብታም ነው» ይባል ነበር። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሳት ከጀመረ ወዲህ ግን የሁለቱ ዋጋ ተጠጋግቷል፤ እንዲያውም ናፍጣ ከቤንዚን የበለጠባቸው ወራት ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ሲያልፍ ናፍጣው 99 ብር አካባቢ ነበር። አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ከአሥር በመቶ በላይ የበለጠ ጉልበት ይዟል፤ የናፍጣ ሞተርም አጥብቆ ስለሚጨምቅ ከያዘው ላይ ብዙውን ይጠቀምበታል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ታክሲ ናፍጣ አሁንም ያዋጣል። ጠዋትና ማታ ብቻ ተማሪ ለሚያመላልስ ግን ቤንዚኑ ሞኝነት አይደለም፤ ካንዴላ መቀየር ኢንጄክተር እንደመቀየር አያስለቅስም።

እዚህ ላይ መንግሥታችን ብቅ ይላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ባረጀ ቁጥር ቀረጡ እንዲከብድ አደረገ። በጥር 2016 ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሄድ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ተነገረን። ውሳኔው በአውቶሞቢል ቢጀምርም ነፋሱ ወደ ሚኒባሱም እየነፈሰ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሚኒባስ እዚሁ ተገጣጥሞ መንገድ ላይ መታየት ጀምሯል።

እኔ ኤሌክትሪኩን አልጠላም። እንዲያውም እውነቱን ለመናገር ለአዲስ አበባ ከሁሉም የተሻለው ሞተር እሱ ነው። አይተነፍስምና ከፍታው አያዳክመውም፤ ሽሮ ሜዳም ቃሊቲም ለሱ አንድ ነው። ቁልቁለት ሲወርድ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። መብራታችንም ከሞላ ጎደል ከውኃ የሚመጣ ነው፤ ሕዳሴውም በጳጉሜ 2017 ተመርቋል። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ባለታክሲው በቀን ሁለት ጊዜ ቻርጅ ቢያስፈልገው የት ይሰለፋል? ባትሪው ሲደክም የመኪናውን ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚይዘውን ዕቃ በምን አቅሙ ይቀይራል? ዋስትናው ስንት ዓመት ነው? የሚጠግነው ማነው? ያ የ5 ኤል መካኒክ የት ሰለጠነ? በቪ ኤት መስታወት ዘግተው ሲሄዱ የከረሙ ሹሞች ይኸን ጥያቄ ለመጠየቅ አጋጣሚው አልነበራቸው ይሆናል።

ደግሞስ የጭሱ ነገር ካሳሰባቸው እጃቸው ላይ ያለውን መቼ ተጠቀሙበት? ከኋላው ጥቁር ጭስ እያግተለተለ የሚሄድ ሚኒባስ የዘመኑን ቦሎ ለጥፎ ታዩታላችሁ። ያ መኪና ምርመራውን እንዴት አለፈ? የጭስ መለኪያ ውድ መሣሪያ አይደለም። ያችን የተከፈተች ቡሎን በቦሎ ሰሞን ማስዘጋትና በፕሎምብ ማሸግ አዋጅ አይፈልግም። ማደያ ላይ ናፍጣውን ናሙና እየወሰዱ ውኃና ነጭ ጋዝ መኖሩን መመርመርም እንዲሁ። ናፍጣው ንጹሕ ቢሆን እኮ ባለቤቱ ማንም ሳያስገድደው ዲ ፎር ዲውን ይገዛ ነበር።

እስከዚያው ገዢ የሆናችሁ ጥቂት ነገር ልብ በሉ። ሞተሩን ጠዋት ሳይሞቅ አስነሱት፤ ደላላ አሙቆ የሚጠብቃችሁ በደግነት አይደለም። የዘይት ክዳኑን ክፈቱና ትንፋሹን እዩ፤ እየገፋ የሚጨስ ከሆነ ፒስቶኑ ደክሟል። ኤሎቹም ኬዲውም ታይሚንግ ቺንጋ አላቸው፤ ብዙውን ጊዜ በ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መቀየር አለበት። ቢበጠስ ቫልቩን ይዞ ነው የሚሄደው። የኪሎ ሜትሩን ቆጣሪ አትመኑ፣ ቺንጋውን በገዛችሁበት ሳምንት ቀይሩት።

ታሪፉን የሚወስነው መንግሥት፣ ነዳጁን የሚያስገባው መንግሥት፣ የትኛው መኪና ይግባ የሚለውም መንግሥት ከሆነ፣ የባትሪውን ዋስትናና የቻርጅ ጣቢያውን ጉዳይ ባለታክሲው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት በጽሑፍ ሊነግረው ይገባል። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት መልስ አለኝ የሚል ከሆነ ጋዜጣው ቦታ እንደማይነፍገው እርግጠኛ ነኝ።