«ሥራ ፈት» የተባለችው እጢ



«ሁሉን ዐዋቂ ፈጣሪ ካለ፣ ሰውነታችን ውስጥ ሥራ ፈት አካል ምን ይሠራል?» የምትባል ጥያቄ አለች። ወጣቶቻችን ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ከሚወረወሩባቸው ድንጋዮች አንዷ ናት። ጠያቂዎቹ ምስክር አድርገው የሚጠሩት ሳይንስን ነው። እንግዲያውስ ምስክሩን እኛም እንስማው።

ከደረት አጥንት ጀርባ ታይመስ የምትባል እጢ አለች። በልጅነት ትልቅ ናት፤ ከጉርምስና በኋላ እየሟሸሸች ትሄዳለች። እስከ 1960 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ብዙ ሊቃውንት ፋይዳ አላዩባትም። ካደጉ አይጦች አውጥተዋት ነበር፤ አይጦቹ ምንም የሆኑ አልመሰላቸውም። በ1960 ኖቤል የተሸለመው፣ ቆዳ ከአንዱ እንስሳ ወደ ሌላው በመትከል ምርምር አንቱ የተባለው ፒተር ሜዳዋር እንኳ በውስጧ የታጨቁትን ሴሎች ብዙም ትርጉም አልሰጣቸውም።

በ1961 ለንደን ውስጥ የአይጦችን የደም ካንሰር ያጠና የነበረ ዣክ ሚለር የተባለ ወጣት ተመራማሪ፣ እጢዋን ገና ከተወለዱ አይጦች አወጣ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ ጨቅላዎቹ ከሱ፣ ነጭ የደም ሴላቸው ተመናመነ፣ ብዙዎቹ በኢንፌክሽን አለቁ። ጤነኛ አይጥ የባዕድ ቆዳ ቢተከልበት ብዙ ሳይቆይ ገፍቶ ይጥለዋል። እነዚህ ግን ከሌላ ዝርያ የመጣውን ቆዳ ተቀበሉት፤ ላያቸው ላይ የሌላ አይጥ ፀጉር በቀለ! ታይመስ መልሶ ሲተክልላቸው የመከላከል አቅማቸው ተመለሰ። ያደጉት አይጦች ምንም ያልሆኑት እጢዋ ዋና ሥራዋን ቀድማ ስለሠራች ነበር። ሱብሓነላህ!

ቆይቶም የእጢዋን ቁራጭ ሴል በማያሳልፍ ጥቃቅን ዕቃ አሽገው ሲቀብሩላቸው አይጦቹ በከፊል አገገሙ። ስለዚህ በሆርሞንም ትሠራለች ተባለ፤ ሆርሞኑ ምን ያህል ድርሻ አለው የሚለው ለዓመታት አከራከረ።

የችኮላ ፍርድ ዋጋ ግን በአይጥ ብቻ አልቀረም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ድንገት የሞቱ ሕፃናት አስከሬን ሲመረመር ታይመሳቸው «ከልክ ያለፈ ትልቅ» ሆኖ ታየ። ልኩ ከየት መጣ? በአብዛኛው ለረጅም ጊዜ ታመው ከሞቱ ድሆች አስከሬን። በሽታና ረሃብ የሚያበዛው የጭንቀት ሆርሞን ደግሞ ታይመስን ያሟሽሻል። የድሃው የተጎዳ እጢ ልክ ሆነና ጤነኛው በሽታ ተባለ። በሺህ የሚቆጠሩ ጤነኛ ሕፃናት ደረታቸው በኤክስሬይ ተጠበሰ። በ1950 የታይሮይድ ካንሰር ከያዛቸው ልጆች የተወሰኑት በሕፃንነታቸው ይህ «ሕክምና» የተደረገላቸው እንደሆኑ ተዘገበ።

«ጥቅሙን አላገኘነውም» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «ጥቅም የለውም» ማለት ሌላ። በመጀመሪያው ላይ ቆማችሁ ሁለተኛውን ለልጆቻችን አትሽጡ።

ለራሳችን ወገንም የምንለው አለን። የሚለርን ግኝት ይዘው «ታይመስ ከ1400 ዓመት በፊት ቁርኣን ውስጥ ተገልጿል» የሚል ልጥፍ የሚያሰራጩ ወንድሞች፣ የትኛው አንቀጽ? የትኛው ሙፈሲር ነው እንዲህ ያለው? አላህ ያላለውን በአላህ ስም መናገር ከከሓዲው ሙግት የከፋ ነው። የአላህ ኪታብ ከአይጥ ቤተ ሙከራ ማረጋገጫ አይለምንም። የሆርሞኑ ነገር ስንት ዓመት እንዳከራከረ አይታችኋል፤ ነገ አንዱ መላምት ሲሻር ልጁ የሚጠራጠረው እናንተን ነው ወይስ ዲኑን?

ልጥፉን አንሱት።

ወላሁ አዕለም