ኦሪጅናሉ ብርኩማ ምን ይመሰክራል?

በገናን ወይም ክራርን የሚያውቁ አንባብያን ብርኩማን ያውቃሉ፤ አውታሮቹ የሚያርፉበት ድጋፍ ነው። የኤሌክትሪክ ጊታርም ከብረታ ብረት የተሠራ ብርኩማ አለው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአሜሪካ የተሠሩ ጊታሮችን የሚሰበስቡ ሰዎች ይህ ክፍል ከፋብሪካ አብሮ የወጣው መሆኑን አጥብቀው ይጠይቃሉ፤ ለእርሱም ብዙ ገንዘብ ይከፍላሉ። ምክንያታቸው «የድምፁ ምስጢር እዚያ ነው» የሚል ሲሆን፣ በእኛ አመለካከት የታሪክና የፊዚክስ ጥያቄዎች ተደባልቀዋል።

ስለ ብርኩማው በእርግጠኝነት የምንናገረው አለ። አውታሩን ስንጫነው ይለጠጣል፤ ውጥረቱ ስለሚጨምር ድምፁ ከሚገባው በላይ ይቀጥናል። ይህን ለማካካስ የአውታሩ ርዝመት በጥቂቱ ይጨመራል፤ ጭማሪው ግን ከአውታር አውታር ይለያያል። ፌንደር በ1950 ለገበያ ባቀረበው ጊታር ሁለት ሁለት አውታሮች አንድ ማረፊያ ይጋሩ ነበር። ጊብሰን በ1954 ያወጣው ኤቢአር-1 የተሰኘ ብርኩማ ግን ለስድስቱም አውታሮች ለየብቻ የሚስተካከል ማረፊያ ሰጣቸው። ይህ እውነተኛ የምሕንድስና እርምጃ ነበር።

የብረቱ ዓይነትስ? በአውታሩ ላይ የሚጓዘው ሞገድ ብርኩማው ዘንድ ሲደርስ አብዛኛው ጉልበት ይመለሳል፤ ጥቂቱ ወደ ጊታሩ አካል ያልፋል። የሚያልፈው መጠን ከብርኩማው ክብደትና ጥንካሬ ጋር ስለሚያያዝ ለውጥ ሊኖር ይችላል። ነገር ግን «ሊኖር ይችላል» ማለትና «በጆሮ ይለያል» ማለት አንድ አይደሉም።

በውጭ አገር ስንማር አንድ ወዳጃችን የጊታሩን ብርኩማ በ1950ዎቹ በተሠራ ተክቶ ልዩነቱን አሰማን። ልዩነት ነበረ። ሆኖም አውታሮቹንም በአዲስ ለውጧቸው ነበር፤ አዲስ አውታር ደግሞ ከአሮጌው ይልቅ ጥርት ብሎ ይሰማል። የፊዚክስ ተማሪ ሆነን ሳለን ይህን ሳንጠይቅ አድንቀን ተለያየን።

ሌላም ነገር አለ። ኤቢአር-1 የተሠራው ከዚንክ ቅይጥ ነው። የስድስቱ አውታሮች ጠቅላላ ውጥረት በተለመደው ቅኝት ወደ 45 ኪሎ ግራም ክብደት ይጠጋል፤ ከዚህ ከፊሉ ብርኩማውን ወደ ታች ይጫነዋል። የዚንክ ቅይጥ በማያቋርጥ ጫና ሥር ቀስ በቀስ ቅርፁን ስለሚለውጥ የብዙ አሮጌ ብርኩማዎች መሀል ጎብጧል። የጎበጠ ብርኩማ ኦሪጅናል ቢሆንም በ1950ዎቹ እንደነበረው አይደለም።

በመሆኑም ኦሪጅናሉ ይጠበቅ እንላለን፤ የአሠራር ታሪክ ምስክር ነውና። ከጎበጠ ግን ወልቆ በጊታሩ ሣጥን ይቀመጥ፤ ለመጫወቻ አዲስ ይተካ። ስለ ድምፁ የሚመሰክረው ግን ዕድሜው ሳይሆን ሙከራ ነው።

ሙከራው ውድ ጊታር አይጠይቅም። ክራር ያላችሁ ተማሪዎች አውታሩን፣ ከፍታውንና ቅኝቱን ሳትለውጡ ብርኩማውን ብቻ እየቀያየራችሁ ምቱ፤ ጓደኛችሁም ጀርባውን ሰጥቶ የትኛው እንደሆነ ይንገራችሁ። አንድ ጊዜ ሳይሆን ሃያ ጊዜ ሞክሩት፤ መልሱንም መዝግቡ።